ደባሎቹን የከሰሰው ሊቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉሮሮዬን ባመመኝ ቁጥር ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ይልቅ ሰፈሬ ወዳለ አንድ መድኃኒት ቤት ጎራ ማለት ልማዴ ነበር። ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና እንዲህ ያለውን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መግዛትም መሸጥም ተገቢ እንዳልሆነ አላጣሁትም። ግን ማን ወረፋ ይጠብቃል? አንቲባዮቲኩን በኪሴ ከትቼ እወጣለሁ፤ ሁለት ሦስት ቀን እውጥና ሻል ሲለኝ የተረፈውን መሳቢያ ውስጥ እወረውረዋለሁ። ለሚቀጥለው ጉንፋን ስንቅ ይሆናል። በአንድ ዓመት ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ይህንኑ ካደረግሁ በኋላ ጉሮሮዬ ዳነ፤ ሆዴ ግን አመፀ። ለሦስት ሳምንት ያህል የት ስብሰባ መሄድ እንደምችልና የት እንደማልችል የሚወስንልኝ የመጸዳጃ ቤቱ ርቀት ሆነ።

በመጨረሻ የሄድኩባቸው አንድ አዛውንት ሐኪም በዓመቱ ውስጥ የዋጥኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ። ከምርመራው በኋላ ያዘዙልኝ ሌላ መድኃኒት ሳይሆን ብዙ ፈሳሽና ትዕግሥት ነበር። በአንጀቴ ውስጥ ለዓመታት አብረውኝ የኖሩትን ባክቴሪያዎች በገዛ እጄ ጠራርጌ እንዳስወጣኋቸው፣ ቦታቸው እስኪሞላ ድረስም ሆዴ እንደማይረጋ አስረዱኝ። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ የዋጥኩት መድኃኒት መጀመሪያውኑ አይነካውም ነበር። ጥፋት የሌለባቸውን ቀጥቼ ጥፋተኛውን በነፃ ለቅቄአለሁ ማለት ነው። ለአንድ የሕግ ምሩቅ ከዚህ የበለጠ ኀፍረት ያለ አይመስለኝም።

የቀበሌ ቤት ኑሮን ለሚያውቅ አዲስ አበቤ ደባል የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ወጥ ቤትና ቧንቧ ተጋርቶ የሚኖር፣ እንደ ሁኔታው ወዳጅም ባላንጣም የሚሆን ሰው ነው። እኔም ሳላውቃቸው ቁጥር ሥፍር የሌላቸው ደባሎች ነበሩኝ። ስለ እነሱ ማንበብ ስጀምር ደጋግሞ ብቅ የሚልብኝ የአንድ ሩሲያዊ ሳይንቲስት ስም ሆነ፤ ኢሊያ ሜችኒኮፍ። የአንጀት ባክቴሪያዎችን ጉዳይ ወደ ዓለም አደባባይ ካወጡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። ነገር ግን ያወጣው እንደ ጠበቃ ሳይሆን እንደ ዐቃቤ ሕግ ነበር። የዚህን ሰው ሕይወትና የክሱን መጨረሻ ላካፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜችኒኮፍ በ1845 ዛሬ የዩክሬን ግዛት በሆነችው፣ ያኔ ግን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር በነበረችው በካርኪቭ አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ መኮንን ነበሩ፤ እናቱ ደግሞ ከአይሁድ ወገን የሚወለዱ ነበሩ። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ነው። በካርኪቭ ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ጨርሶ በ1864 ሲመረቅ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በጀርመንና በጣልያን እየተዘዋወረ የባሕር ውስጥ ትንንሽ እንስሳትን አጠና። በ1867 በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ዕድሜው ከተማሪዎቹ እምብዛም አይርቅም ነበር።

አንድ ወንድሙን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ የሕግ ሰው ነበርና። ኢቫን ኢሊች ሜችኒኮፍ በቱላ ከተማ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሲያገለግል በ1881 ሞተ። የዚህ ሰው አሟሟት ሌዎ ቶልስቶይ በ1886 ላሳተመው “የኢቫን ኢሊች ሞት” ለተባለው ድንቅ ልብ ወለድ መነሻ ሆኗል። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ዘግይቶ የሕይወቱን ትልቅ ክፍል ሰው ለምን እንደሚያረጅና ሞትን ለምን እንደሚፈራ በመመርመር አሳለፈ። ከአንድ ቤት ሞት ሁለት መንገድ ወጣ ማለት ነው፤ አንዱ ሥነ ጽሑፍ፣ ሌላው ሳይንስ።

የሜችኒኮፍ የግል ሕይወት ለረጅም ጊዜ ጨለማ ነበር። በ1869 ሉድሚላ የምትባል ወጣት አገባ። ሙሽራዋ ሳንባ ነቀርሳ ይዟት ነበርና በሠርጓ ቀን ቆማ መሄድ አቅቷት በወንበር ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን አስገቧት። አየሩ ይሻላታል በሚል ተስፋ ከአገር አገር ይዟት ዞረ። አልሆነም፤ በ1873 ማዴራ ደሴት ላይ ዓይኗ እያየ ሞተችበት። በሐዘን የተሰበረው ወጣት ምሁር ብዙ ሞርፊን ዋጠ። መጠኑ ከመብዛቱ የተነሣ ሆዱ አልቀበል ብሎ ስለመለሰው ተረፈ።

በ1875 ከኦልጋ ጋር ሁለተኛ ትዳር መሠረተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሷም በታይፎይድ ክፉኛ ታመመች። በዚያ ላይ በ1881 ዛር አሌክሳንደር ሁለተኛው በቦምብ ተገደለና ዩኒቨርሲቲው የፖለቲካ መናኸሪያ ሆነ። ሜችኒኮፍ እንደገና ሕይወቱን ለማጥፋት ወሰነ። ይህን ጊዜ ግን ቤተሰቡ እንዳያፍርና ሞቱም ለሳይንስ እንዲጠቅም ሲል ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት ከበሽተኛ ደም ወስዶ ራሱን ወጋ። ክፉኛ ታመመ፤ ግን አሁንም ዳነ። ሁለት ጊዜ ሞትን ፈልጎ ያጣው ይህ ሰው ከዚያ በኋላ የዕድሜ ማራዘም ሰባኪ መሆኑ ይደንቀኛል።

በ1882 ከኦዴሳ ሥራው ለቅቆ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ጣልያኗ የወደብ ከተማ ወደ ሜሲና ሄደ። አንድ ቀን ቤተሰቡ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎች ትርኢት ሊያዩ ሰርከስ ሄዱ። እሱ ብቻውን ከማይክሮስኮፑ ጋር ቀረ። የሚያየው ኮከብ ዓሣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ እጭ ነበር፤ ሰውነቱ እንደ መስተዋት ስለሚያሳይ ውስጡ የሚንቀሳቀሱት ሴሎች ይታያሉ። እነዚህ ተንከራታች ሴሎች ባዕድ ነገር ሲገባ ተሰብስበው የሚከላከሉ ቢሆኑስ የሚል ሐሳብ መጣለት። ከግቢው የጽጌረዳ እሾህ ነቅሎ እጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ እንዳሰበው ሆኖ አገኘው፤ ሴሎቹ እሾሁን ከብበውት ነበር።

የሰውነት መከላከያ ሳይንስ አንዱ ምሰሶ የተተከለው በዚያች ማለዳ ነው። ሜችኒኮፍ በላተኛ ሴሎች አላቸው፤ የእኛ ነጭ የደም ሴሎችም ሰውነታችን የገቡትን ጀርሞች ውጠው እንደሚፈጩ አሳየ። የጀርመን ሊቃውንት አልተቀበሉትም። መከላከያው ያለው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ እንጂ በሴሎቹ አይደለም ብለው ከሃያ ዓመት በላይ ተከራከሩት። የስቶክሆልም ዳኞች በ1908 የኖቤልን ሽልማት ለእሱና ለጀርመናዊው ለፓውል ኤርሊሽ እኩል ሲያካፍሉ ሁለቱም ወገን እውነት እንደነበረው አረጋገጡ።

ወደ ኋላ ልመለስ። በ1886 ኦዴሳ ውስጥ የፓስተርን የእብድ ውሻ ክትባት የሚሰጥ ተቋም ሲከፈት ኃላፊ ሆኖ ነበር። ሐኪም ባለመሆኑ የከተማው ሐኪሞች አላስቆም አላስቀምጥ አሉት። በተቋሙ የተሠራ የአባ ሰንጋ ክትባት ብዙ በጎችን በፈጀ ጊዜም ነገሩ አከተመ። በ1888 ፓሪስ ሄዶ ሉዊ ፓስተርን ጠየቀ፤ ሽማግሌው ሊቅ በአዲሱ ተቋማቸው ቤተ ሙከራ ሰጡት። እስኪሞት ድረስ 28 ዓመት እዚያው ሠራ።

ከደባሎቻችን ጋር ፊት ለፊት የተገናኘውም ፓሪስ ነው። በ1892 ኮሌራ ፈረንሳይ ገባ። ሜችኒኮፍን ያስገረመው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ያንኑ ውኃ ከጠጡ ሰዎች አንዱ ሲሞት ሌላው ለምን ምንም አይሆንም? የኮሌራ ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጣ፤ አልታመመም። ፈቃደኛ ሆነው ከጠጡት መካከል አንዱም ምንም አልሆነ። ሌላው ግን ሞት አፋፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በዛሬው የምርምር ሥነ ምግባር ሕግ እንዲህ ያለ ሙከራ ፍርድ ቤት ያቆማል፤ ልከኛም ነው።

የሜችኒኮፍ መልስ ግን ዘመኑን የቀደመ ነበር። ከሰው ሆድ ዕቃ የወሰዳቸውን የተለያዩ ባክቴሪያዎች ከኮሌራው ጋር በአንድ ሳህን አሳደጋቸው። አንዳንዶቹ ኮሌራውን ረዱት፤ ሌሎቹ እንዳያድግ አገዱት። ስለዚህ በሽታ የሚወሰነው በመጣው ጠላትና በሰውየው ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ቀድመው የሰፈሩት ደባሎች ማንነትም ወሳኝ ነው። ሦስተኛ ወገን አለ። ይህን በዚያ ዘመን ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ሊቁ ቸኩሎ የፈረደው። ይህን ሦስተኛ ወገን ካገኘ በኋላ ባሕርዩን በትዕግሥት ከማጥናት ይልቅ በአመዛኙ ወንጀለኛ ነው አለ። በክሱ መሠረት ትልቁ አንጀት ከዱር ዘመን የተረፈ፣ ለዛሬው ሰው ከጥቅሙ ጉዳቱ የሚያመዝን የቆሻሻ ጎተራ ነው። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ምግብን እያበሰበሱ መርዝ ያመነጫሉ፤ መርዙ ወደ ደም እየገባ ደም ስሮችን ያደርቃል፤ ያለ ጊዜው ያስረጃል። ለማስረጃ ያቀረበው ወፎችን ነበር። ትልቁ አንጀታቸው ከቁጥር የማይገባ እንደ በቀቀን ያሉ በራሪ ወፎች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፤ ሆዳቸው ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ የሚሸከሙ እንደ ሰጎን ያሉት ግን ያን ያህል አይኖሩም አለ።

እዚህ ላይ ማንኛውም የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ እጁን ያወጣል። ተጠርጣሪው በቦታው መገኘቱ ብቻ ወንጀሉን መፈጸሙን አያስረዳም። በበቀቀንና በሰጎን መካከል ከአንጀት ሌላ ስንት ልዩነት አለ?

የሚያሳዝነው የመከላከያ ምስክሮቹ ሩቅ አለመሆናቸው ነው። ተቋሙን የመሠረቱት ፓስተር ራሳቸው በ1885 እንስሳት ፈጽሞ ያለ ባክቴሪያ መኖር የሚችሉ እንደማይመስላቸው ጽፈው ነበር። እዚያው ተቋም ውስጥ ሄንሪ ቲሲዬ የተባለ ሐኪም በክፍለ ዘመኑ መባቻ የእናት ጡት የሚጠቡ ጤነኛ ሕፃናትን ሆድ መርምሮ አንድ ዓይነት ሹካ መሰል ባክቴሪያ በብዛት እንደሚኖርበት አሳየ። በገዛ ቤቱም ምስክር ነበረችለት። ባለቤቱ ኦልጋ ገና እግር ያላወጡ የእንቁራሪት ልጆችን ባክቴሪያ በሌለበት ውኃና ምግብ አሳድጋ በ1901 ውጤቱን አሳተመች፤ እድገታቸው ባክቴሪያ ካልተለያቸው ጋር ሲነጻጸር የቀጨጨ ነበር።

ለሜችኒኮፍ ፍትሕ ለማድረግ ዐቃቤ ሕጉም የራሱ ምስክር ነበረው። በቤተ ሙከራው የሚሠራው ሚሼል ኮሃንዲ በ1912 ጫጩቶችን ከባክቴሪያ ነፃ አድርጎ ለሳምንታት በሕይወት ማቆየት ችሎ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ በዚያ ዘመን ማስረጃ የተዘጋ አልነበረም። የሜችኒኮፍ ጥፋት ጥያቄውን ማንሳቱ ሳይሆን ሁለቱ ወገን ሳይሰማ ለሕዝብ ብይን ማንበቡ ነው።

ብይኑ በይፋ የተነበበው በ1904 ፓሪስ ውስጥ ስለ እርጅና በሰጠው ንግግር ነው። የቡልጋሪያ ገበሬዎች እርጎ እየጠጡ ረጅም ዕድሜ እንደሚኖሩ ጠቅሶ መጥፎዎቹን ደባሎች በእርጎ ባክቴሪያዎች መተካት እንደሚቻል ተናገረ። በማግሥቱ ጋዜጦች ነገሩን አራገቡት። እርጎና የእርጎ ክኒን ከአውሮፓ እስከ አሜሪካ ተቸበቸበ። እስታመን ግሪጎሮፍ የተባለ ወጣት ቡልጋሪያዊ ሐኪም የአገሩን እርጎ የሚያረጋውን ባክቴሪያ በ1905 ለይቶ ሲያገኝ ሙቀቱ ጨመረ። በ1919 ባርሴሎና ውስጥ ይስሐቅ ካራሶ የተባለ ነጋዴ በሜችኒኮፍና በባልደረቦቹ ሥራ ተነሣስቶ እርጎ ማምረት ጀመረና በልጁ የቁልምጫ ስም ዳኖን አለው። እኛ በወይራ በታጠነ ቅል ረግቶ የሚወጣውን እርጎ ስንጠጣ የኖርነው ፓሪስ ሳትነግረን ነው፤ ይሁን እንጂ ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ በትንሽ ኩባያ የሚሸጠው እርጎ የዘር ሐረጉ በከፊል ከዚህ ሩሲያዊ ይመዘዛል።

እርጎ ማንንም አልጎዳም። ብይኑ ግን ሌላ አስፈጻሚ አገኘ። ሎንዶን ውስጥ ሰር አርበትኖት ሌን የተባሉ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም አንጀት መርዝ ያመነጫል የሚለውን ሐሳብ ይዘው የሆድ ድርቀት ያለባቸውን ሰዎች ትልቁን አንጀት ማውጣት ጀመሩ። ከታካሚዎቹ የሞቱ አሉ። ሜችኒኮፍ ራሱ የመረጠው የምግብን መንገድ እንጂ ቢላዋን አልነበረም። ነገር ግን ትልቅ ስም ያለው ሰው አንድን አካል ጥቅም የለውም ብሎ ከፈረደ በኋላ ቢላዋ የሚያነሳ መች ይጠፋል?

ሊቁ በራሱ ላይ ያልሞከረውን ለሌላ አላዘዘም። ለብዙ ዓመት የረጋ ወተት ጠጣ፤ ጥሬ ምግብ እርም አለ፤ ፍራፍሬ ሳይቀር በፈላ ውኃ ካልተለበለበ አይቀምስም ነበር። በ1909 ቶልስቶይን በርስቱ ሄዶ ጎበኘ። አንዱ የሞትን ፍርሃት በእምነት፣ ሌላው በሳይንስ ሊያሸንፉ የተነሡ ሁለት ሽማግሌዎች ቀኑን አብረው ዋሉ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወጣት ባልደረቦቹ ወደ ግንባር ሄደው ቤተ ሙከራው ባዶ ቀረ። ልቡ እየደከመ መጣ። በመጨረሻዋ ሰዓት ሐኪም ወዳጁን ከሞተ በኋላ ሬሳውን እንዲመረምርለት፣ በተለይም አንጀቱን በደንብ እንዲያይለት አደራ አለው። ሐምሌ 1916 በ71 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ። አመዱ ዛሬም ያለው በፓስተር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው። እስከ ሞት ድረስ ራሱን ማስረጃ አድርጎ ያቀረበ ዐቃቤ ሕግ ሌላ አላውቅም።

ይግባኙ የታየው እሱ ካለፈ በኋላ ነው። የቡልጋሪያው እርጎ ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ ቤት ሠርቶ እንደማይቀመጥ ታወቀ፤ እንግዳ ነው፣ አልፎ ይሄዳል። ያለ ባክቴሪያ ያደጉ አይጦች በሕይወት ቢቆዩም የመከላከያ ሥርዓታቸው ሳይጎለብት ይቀራል፤ ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩላቸውን ቫይታሚን ኬ በምግብ ካላገኙ ይደማሉ። ላም ሣር የምትበላ ይመስለናል እንጂ የሣሩን ጭረት የሚፈቱላት ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። የእናት ጡት ወተት ደግሞ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት ይዟል። ለማን ተብሎ? ቲሲዬ ላያቸው ሹካ መሰል ባክቴሪያዎች ነው። እናት ልጇን ስታጠባ ደባሎቹንም ታጠባለች። በ2016 በታተመ ስሌት በአንድ ሰው አካል ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ ይኖራል፤ የራሳችን ሴሎች 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። በገዛ ቤታችን በቁጥር ተበልጠናል።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ በ2013 የሆላንድ ሐኪሞች ያሳተሙት ሙከራ ነው። አንቲባዮቲክ ደባሎቻቸውን ከጠራረገ በኋላ በአንድ አደገኛ ባክቴሪያ ተይዘው ተቅማጥ እየተመላለሰ ያስቸገራቸው ሕሙማን ነበሩ። ከጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር የተዘጋጀ ፈሳሽ አንጀታቸው ውስጥ ሲገባላቸው ጠንካራ መድኃኒት ከተሰጣቸው ይልቅ በብዛት ዳኑ። የተፈናቀሉት ደባሎች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ወንበዴው ወጣ። የሜችኒኮፍ የኮሌራ ሳህን ከ120 ዓመት በኋላ ሐኪም ቤት ገባ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ሜችኒኮፍ በአንድ ዕድሜ ሁለት ነገሮችን አሳየን፤ የሰውነትን ዘበኞችና የሰውነትን ደባሎች። ያላየው በሁለቱ መካከል ውል መኖሩን ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው ከበላተኛ ሴሎቹ እጅግ ብዙዎቹ የሰፈሩት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው። ድንበር ጥሶ የገባውን ይውጣሉ፤ ግን አካባቢውን በጥይት አያናውጡም። ደባሉ በክፍሉ እስከተቀመጠ ድረስ አይነኩትም። ይህ ፍቅር አይደለም፤ ያው የአንጀት ባክቴሪያ በአደጋ ደም ውስጥ ቢገባ ይገድላል። ውል ነው። ውል ደግሞ ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ወገን ብቻውን ሲያፈርሰው ኪሣራ ይከተላል።

አንቲባዮቲክ ብዙ ሚሊዮን ሕይወት ያተረፈ በረከት ነው፤ ሲያስፈልግና ሐኪም ሲያዝ ያለ ማመንታት የሚወሰድ፣ እንደታዘዘውም የሚጨረስ። እኔ ያደረግሁት ግን ሌላ ነበር። ተከሳሹን ሳላጣራ፣ ምስክር ሳልሰማ፣ ጉሮሮዬን በከረከረኝ ቁጥር ግቢውን በሙሉ አፈናቀልኩ። ሜችኒኮፍ ቢያንስ ማይክሮስኮፕ ነበረው።

መሳቢያዬ አሁን ባዶ ነው። ጉንፋን ሲይዘኝ ማር በሎሚ ጠጥቼ እተኛለሁ፤ ካልተሻለኝ ወረፋ ይዤ ሐኪም ፊት እቀርባለሁ። በሕግ ደባል ያለ በቂ ምክንያት አይባረርም። በሆዳችን ውስጥ ላሉትም ያንኑ መብት ብናከብርላቸው ራሳችንን ነው የምናከብረው።